ከሰልባጅ በፊት ሳጥን

ወር ሲደርስ ደመወዙን ተቀብሎ፥ ዕዳውን ከፍሎ፥ በቀረችው ብር ሰው የሚመስልበት ልብስ የሚፈልግ ወጣት ወዴት እንደሚሄድ አንባቢዎቼ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ወደ ሰልባጅ ነው። አንዳንዱ በቀን ያፍርና ሲመሽ ይሄዳል፤ በማግስቱ ቢሮ ሲገባ ግን «ወንድሜ ከውጭ ላከልኝ» ይላል። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ከውጭ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነውና፥ ስለ ክልከላው ደብዳቤ የሚጽፈው ጸሐፊ እንኳ የለበሰው ኮት በየት በር እንደ ገባ ባይጠየቅ ይመርጣል።

እኔም ከነዚሁ አንዱ ነኝ። ባለፈው ክረምት ቂርቆስ ሰፈር ከአንዲት ጠባብ ሱቅ አንድ የሱፍ ካፖርት በ1,800 ብር ገዛሁ። እንዴት እንደ መረጥሁት ልንገራችሁ፤ ይጠቅማችኋልና።

በመጀመሪያ ልብሱን ከሱቁ ጨለማ አውጥቶ በፀሐይ ማየት ነው። ቀጥሎ ገልብጦ ገበሩን፥ ብብቱንና የኮሌታውን እጥፋት መመርመር ነው፤ ላብና ብል የሚደበቁት እዚያ ነው። እጅጌው ቢረዝም ልብስ ሰፊ ያሳጥረዋል፤ ትከሻው ካልገጠመ ግን ተዉት፥ ትከሻ ማስተካከል ልብሱን እንደ አዲስ መስፋት ነው። በቁጥሩም አትደናገሩ፤ በወንድ ኮት የኢጣሊያው 48 የእንግሊዙ 38 ነው። «ንጹሕ ሱፍ ነው» ቢሏችሁ፥ ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር ስባችሁ በክብሪት ለኩሱ፤ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸትና ዐመድ ሆኖ ይፈረፈራል፤ ናይሎንና ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ቦርሳ የምትገዙም እጥፋቱን እዩ፤ ቆዳ ሲያረጅ ይጨማደዳል፥ ቆዳ መሳዩ ግን እንደ ድንች ይላጣል።

ካፖርቴን ለብሼ ገላን ጉራ ወደሚኖሩት አያቴ ሄድሁ። እማማ ዕድሜያቸውን በካዛንቺስ ያሳለፉ ናቸው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው፤ አሠሪው ድርጅት በምሕጻር «ኢንቺስ» ይባል ነበርና፥ «ካዜ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ሟቹ ባለቤታቸው፥ እኛ አባባ የምንላቸው፥ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለ ነበሩ ሰፈሩና ሰውየው ይስማሙ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙው ክፍል በኮሪደር ልማት ፈርሶ እማማ ወደ ገላን ጉራ ሲዛወሩ፥ ዕቃ የማሰናዳቱ ሥራ የእኔ ነበር። ከሳጥኑ ሥር የአባባ ካፖርት ወጣ፤ በ1961 ዓ.ም. እንደ ተሰፋ በውስጥ ኪሱ ላይ ተጽፏል። እማማ ይዘውት ቆሙ። እኔም «እማማ፥ ይህ አሮጌ ቦታ ከማጣበብ በቀር ምን ያደርግልዎታል?» አልሁና፥ ደጅ ላይ «ልዋጭ!» እያለች ለምትጣራው ልጅ ሰጥቼ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀበልሁ።

አሁን እማማ የእኔን ካፖርት ተቀብለው ገለበጡት፤ ገበሩን ዳሰሱ፥ ቁልፎቹን ቆጠሩ።

«ስንት ገዛኸው?»

«1,800 ብር።»

ጥቂት ዝም አሉና «ሳፋ አሁን ስንት ነው?» አሉኝ።

«300 ብር ይሆናል።»

«እንግዲያው የማታውቀው ሰው ካፖርት ስድስት ሳፋ አወጣ፤ የአባባህ አንድ።»

የምመልሰው አጣሁ። ሳፋው በረንዳው ላይ ነበር፤ ጠርዙ ተሰንጥቋል።

ወዳጆቼ፥ ሰልባጅ መግዛት አያሳፍርም፤ ብርድ ዘመድ አይጠይቅም። ነገር ግን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች፥ የባዕዱን አሮጌ በፀሐይ እየመረመርን የቤታችንን ሳናየው እንሰጣለን። ስለዚህ በሚመጣው ደመወዝ ወደ ገበያ ከመውረዳችሁ በፊት የወላጆቻችሁን ሳጥን አስከፍቱ። ያንኑ ምርመራ አድርጉ፤ ገበሩን ገልብጡ፥ ትከሻውን ለኩ፥ የረዘመውን ለልብስ ሰፊ ስጡ። የማን እንደ ነበረና በምን ቀን ይለበስ እንደ ነበረም ጠይቁ፤ ይህን የሰልባጅ ነጋዴ ሊነግራችሁ አይችልም። እስከዚያው ድረስ ልዋጯ ስትጣራ በሩን ዝጉ።