የግንቦት መልስና የመስከረም መልስ

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ ቅዳሜና እሁድ እየወጣሁ ለአንድ ጥናት መረጃ ስሰበስብ ነበር። ከሶዶ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ከአንዲት እናት ጋር ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ረጅሙን መጠይቅ ጨርሰን የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ደረስን። «አሥር ደረጃ ያለው መሰላል አለ እንበል። ከላይ ያለው ከሁሉ የተሻለ ኑሮ ነው፣ ከታች ያለው ከሁሉ የከፋ። እርስዎ አሁን የትኛው ላይ ነዎት?»

እሳቸውም ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ የዛሬውን ነው ወይስ የጊፋታውን?» አሉኝ።

«የአሁኑን ይንገሩኝ።»

«አሁንማ ሁለት ነው።»

ሁለት ብዬ መዘገብኩ። መንገድ ላይ ግን ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። ወላይታ ያደገ ሁሉ ግንቦትን ያውቀዋል። በቆሎው ገና አልደረሰም፣ ጎተራው ባዶ ነው፣ የገበያው ዋጋ ይፋጃል። መስከረም ላይ በቆሎው ገብቷል፣ ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ብር ይወጣል፣ አዲስ አበባና ሐዋሳ ያሉት ልጆች ይመጣሉ። እኚያው እናት፣ ያው መሬት፣ ያው የጓሮ እንሰት። በአራት ወር ውስጥ ግን መሰላሉ ላይ የት እንደሚደርሱ እንጃ። እኔ የያዝኩት ሁለትን ብቻ ነው።

ይሄንን ለክፍል ጓደኞቼ ሳወራ «ድሮስ ደስታ በቁጥር ይለካል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። እዚህ ላይ አልስማማም። በቁጥር መለካቱ ብዙ ነገር አሳይቶናል፣ ያውም በኛው ዞን። ወላይታ ውስጥ ጋራ ጎዶ የምትባል መንደር አለች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ከ1994 ጀምሮ በ15 የገጠር መንደሮች 1,450 የሚጠጉ ቤተሰቦችን እስከ 2009 እየተመላለሱ ጠይቀዋል። ጋራ ጎዶ ከ15ቱ አንዷ ናት። እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት ሁለተኛ ዓመት ከገባሁ በኋላ ነው፣ ትንሽ ያሳፍራል።

ከዚህ መረጃ የወጣውን ተመልከቱ። ስቴፋን ደርኮን፣ ጆን ሆዲኖትና ጣሰው ወልደሃና በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ባለፉት 5 ዓመታት አንዴም ቢሆን ድርቅ የመታው ቤተሰብ የነፍስ ወከፍ ፍጆታው በ20 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሕመም ደግሞ በ9 በመቶ ያህል ያወርደዋል። በ2009 የወጣው ሌላ ጥናት የግብርና ባለሙያ አንዴ እንኳ መጎብኘቱ ድህነትን በ9.8 የመቶኛ ነጥብ፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ደግሞ በ6.9 እንደሚቀንስ አሳየ። «ባለሙያው ቀድሞውንም ጎበዝ ገበሬ ጋ ይሆናላ የሚሄደው» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሞዴሉ የሚጠቅመውም እዚህ ጋ ነው፤ አንዱን ቤተሰብ ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከራሱ የትናንት ኑሮ ጋር ያነጻጽረዋል። የገበሬው ጉብዝና ያው ከሆነ፣ ለውጡን ያመጣው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ይህን በወሬ ብቻ መለየት አይቻልም።

ለኚያ እናት ጥያቄ የሚቀርበው ግን ሌላ ሥራ ነው። ደርኮንና ፕራሚላ ክሪሽናን በ2000 ባሳተሙት ጥናት እነዚያኑ ቤተሰቦች በ18 ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተጠየቁትን አወዳደሩ። የድሆች ቁጥር በመቶኛ ሲታይ ብዙም አልተለዋወጠም። ውስጡ ሲታይ ግን የየቤተሰቡ ፍጆታ ከዙር ዙር ክፉኛ ይወጣል፣ ይወርዳል። ለችግር የተጋለጠው ሕዝብ የድህነት ቁጥሩ ከሚለው ይበልጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ የጠየቀ ሰው ይሄን ከየት ያያል?

መሰላሏን ያመጣት ሃድሊ ካንትሪል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ከ2012 ጀምሮ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርትም አገሮችን ደረጃ የሚያወጣው በሷ ነው። ገቢን፣ የችግር ጊዜ ደራሽን፣ ጤናማ ዕድሜን፣ ነፃነትን፣ ልግስናንና ሙስናን ይዞ በአገሮች መካከል ካለው ልዩነት ሦስት አራተኛ ያህሉን ያብራራል። በአገሮች መካከል የሚለው ይሰመርበት። አንድ ሰው ከጎረቤቱ፣ ወይም ከራሱ ከአራት ወር በኋላ ስለሚለይበት ምክንያት ይህ ቁጥር የሚናገረው የለም። ዜናችን ግን «ኢትዮጵያውያን ይህን ያህል ደስተኛ ናቸው» ብሎ ያልፋል።

የኛን መረጃ አሰባሰብ የሚመራውን ሰው ስለ ወሩ ጠይቄው ነበር። «ቀኑማ ታብሌቱ ላይ ራሱ ይመዘገባል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይመዘገባል። በኋላ የወጣውን ማጠቃለያ ሳነብ ግን አማካዩ አለ፣ የተጠያቂው ብዛት አለ፣ ወሩ የለም። መጠይቁ ምን ብሎ እንደጠየቀም አልተጻፈም።

ስለዚህ ለክፍላችንና ለዚህች መጽሔት አዘጋጆች አንድ ሐሳብ አለኝ። ከጥናት የተወሰደ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ጽሑፍ መረጃው በየትኛው ወር እንደተሰበሰበና ጥያቄው ቃል በቃል ምን እንደነበር በአንድ መስመር ካልጻፈ ለጸሐፊው ይመለስለት። የኔም ጭምር። እኚያ እናት ጋ በመስከረም የሄደ ጠያቂ የለም።