ሒሳቡ ወይስ ቃሉ?

በአንድ ግቢ በግና ዶሮ አሉ፤ ራሳቸው 35፣ እግራቸው 94 ነው። (በጥንታዊው የቻይና የሱን ዚ መጽሐፍ ጥንቸልና የዱር ዶሮ ነበሩ።) በ + ዶ = 35፤ 4በ + 2ዶ = 94፤ የፊተኛውን እጥፍ ከኋለኛው ስንቀንስ 2በ = 24፤ በግ 12፣ ዶሮ 23። ስሌቱስ ማንንም አይጥልም። ተማሪን የሚጥለው ቃሉን ወደ ኢኩዌሽን መለወጡ ነው። «ከእጥፉ በ3 ያንሳል» የሚለው በምንማርበት በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 3 ይቀድማል፤ ብዙ ተማሪም 2በ – 3 በማለት ፈንታ 3 – 2በ ይጽፋል። በአማርኛ ግን እጥፉ ስለሚቀድም ቃሉ ራሱ መንገድ ይመራል። እንግዲህ አክብሮታችን እንደተጠበቀ ሆኖ፣ መምህሮቻችን ነጥቡን ሁሉ ለመጨረሻው ቁጥር መስጠታቸውን አንደግፍም። ሁለቱን ኢኩዌሽኖች አስተካክሎ ላቆመ ተማሪ ግማሹ ይገባዋል። ከፈተና በፊትም ጥያቄዎችን በየአፍ መፍቻችን እየተረጐምን እንድንነጋገር በሳምንት አንድ ሰዓት ይሰጠን።