በፍርሃት መጫወት

ሰው የሚወደውን ሙዚቃ ለምን እንደሚወደው ለሌላ ሰው ለማስረዳት ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቃል ያጥረዋል። ሙዚቃው ስለ መቃብር፣ ስለ አጽምና በሌሊት ከጉድጓዱ ስለሚነሣ ሬሳ የሚዘፈን ሲሆን ደግሞ አስረጂው ገና አፉን ሳይከፍት ይፈረድበታል።

ተማሪዎች ሆይ፤ እስቲ አንድ ነገር በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ቦዲቲ ከወላይታ ሶዶ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በገበያ ቀን ከሳልባጅ ክምር ውስጥ የራስ ቅል የተሣለበት ጥቁር ካናቴራ መርጦ ይገዛል። ጠጉሩን ከግራና ከቀኝ አሳጥሮ ከግንባሩ በላይ ያለውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። በስልኩ የሚያዳምጠው ሙዚቃ ሳይኮቢሊ ይባላል። በዋናው መንገድ ሲያልፍ የሚያዩት ሽማግሌዎች «ይህን ልጅ ሰይጣን ይዞታል» ይላሉ፤ እኩዮቹ «አብዷል» ይላሉ፤ እናቱ በጎረቤት ፊት ትሸማቀቃለች።

የእኔ አስተያየት ከእነዚህ ከሁሉም ይለያል። ይህ ልጅ በፍርሃት እየተጫወተ ነው እንጂ ማንንም አልጎዳም። ሰውን የሚጎዳው ፍርሃት ሌላ ነው፤ እርሱም በካናቴራ ላይ አይሣልም። ይህን ለማስረዳት ግን አስቀድሞ ሙዚቃው ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል፤ የማያውቁትን ነገር ማውገዝም ሆነ ማወደስ ለድርሰት ጸሐፊ አይገባምና።

የሳይኮቢሊ መነሻ ሮካቢሊ የተባለው የደቡባዊ አሜሪካ ሙዚቃ ነው። ኤልቪስ ፕሪስሊ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1954 ሜምፊስ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን ሸክላ ሲያስቀርጽ የነጮች የገጠር ዘፈንና የጥቁሮች ብሉዝ በአንድ ምት ተዋሕደው ነበር። በዚያ ቀረጻ ከበሮ መቺ አልነበረም። ቢል ብላክ የተባለው ተጫዋች ከሰው ቁመት የሚበልጠውን የእንጨት ቤዝ ክሮቹን እየሳበ በመልቀቅና በመዳፉ በመምታት መሣሪያውን ቤዝም ከበሮም አደረገው። ከሁለት ዓመት በኋላ ስክሪሚን ጄይ ሆኪንስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ድምፃዊ ስለ ድግምት የሚናገረውን ታዋቂ ዘፈኑን አወጣ፤ መድረክ ላይም ከሬሳ ሣጥን ውስጥ እየወጣ፣ የራስ ቅል የተሰካበት በትር እየያዘ ይዘፍን ጀመር። አዳራሹ ይጮኻል፤ ወዲያውም ይስቃል። የጩኸቱና የሣቁ መቀራረብ የዚህ ሙዚቃ ዋና ጠባይ ሆኖ ቆይቷል።

ስሙ ራሱ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣ የጆኒ ካሽ ዘፈን ውስጥ ነው። የዘፈኑ ታሪክ ግን አስፈሪ ሳይሆን አስቂኝ ነው። አንድ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ለብዙ ዓመታት በምሳ ሣጥኑ ዕቃ እየደበቀ ያወጣና በቤቱ ይገጣጥማል፤ በመጨረሻ የተገኘው መኪና ከልዩ ልዩ ዘመን ዕቃ የተሠራ በመሆኑ አንዱ ጎኑ ከሌላው አይመሳሰልም። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ የተቋቋመው ዘ ክራምፕስ ቃሉን ተውሶ በማስታወቂያ ወረቀቶቹ ላይ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1980 በለንደን የተነሣው ዘ ሜቴዎርስ ደግሞ ራሱን የቻለ የሙዚቃ ዓይነት አደረገው። በእውነቱ ሙዚቃውም እንደዚያ መኪና ነው፤ ምቱን ከሮካቢሊ፣ ፍጥነቱንና ጩኸቱን ከፐንክ፣ ግጥሙንና አለባበሱን ከአስፈሪ ፊልሞች እየወሰደ የተገጣጠመ ነው።

አሁን «ይህ ሁሉ የባዕድ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በአገራችን ገጠር ያደገ ሰው ግን ይህን ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት የልጅነቱን ምሽት ያስታውስ። እሳቱ ሊከስም ሲል፣ ጅብ ከማዶ ሲጮህ፣ አያት ስለ ጭራቅ መናገር ይጀምራሉ። ጭራቁ ሕፃን ሊበላ በር ያንኳኳል፤ ድምፁን እንደ እናት አድርጎ ይጣራል። ልጆቹ ተጠጋግተው ጋቢ ውስጥ ይገባሉ፤ ትንሹ ዓይኑን ይጨፍናል። ታሪኩ ሲያልቅ ግን ያው ትንሽ ልጅ «ይድገሙልን» ይላል። ለምን? በሩ የተዘጋ መሆኑን፣ አያቱም አጠገቡ መሆናቸውን ያውቃልና። ፍርሃቱን ቀምሶ መመለስ እንደሚችል ሲረዳ ይደሰታል፤ ከዚህም በላይ ነገ ጨለማ ውስጥ ለብቻው ሲሄድ የሚያስፈልገውን ድፍረት በጥቂት በጥቂቱ ይለማመዳል። ባለ ካናቴራው ልጅ የሚያደርገውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ባዕድን መኮረጅ የሚለውን ክስ በተመለከተ አንድ ምስክር ልጥራ። ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ የኤልቪስ ፕሪስሊ አድናቂ ነበር። እንደ ኤልቪስ ለብሶ፣ ጠጉሩንም እንደ እርሱ አበጥሮ ይታይ ስለ ነበር የኢትዮጵያ ኤልቪስ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ከፖሊስ ኦርኬስትራ ተነሥቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአምሃ ሬከርድስ አማካይነት ሸክላ ያሳተመው ይህ ድምፃዊ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር እስኪያርፍ ድረስ በአገር ውስጥም በውጭም ተወዳጅ ነበር። በዘመኑ ጠጉሩን አይተው «ይህ ልጅ ጠፋ» ያሉ ሰዎች እንደ ነበሩ መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን «ተማር ልጄ» የተሰኘውን ዘፈን የዘፈነልን እርሱ ነው፤ አባቶች ልጆቻቸውን ሲመክሩ ስሙን የሚጠሩትን ዘፈን ማለት ነው። ኩረጃው የመጀመሪያ ደረጃ ሆነለት እንጂ መኖሪያው አልሆነም።

ከዚህ የከበደው ክስ የሃይማኖቱ ነው። በወላይታ ብዙው ሕዝብ ወንጌላዊ አማኝ ነው፤ ብዙ ወጣትም ጊታርና ኪቦርድ በመጀመሪያ የሚነካው በመዘምራን መካከል ነው። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ የራስ ቅልና የሬሳ ሣጥን ቀልድ አይደለም። ይህን ስጋት አላቃልለውም፤ ወላጅ በቤቱ የማይፈቅደውን ዘፈን በቤቱ አለማስጮኽ ጨዋነት ነው፤ የጆሮ ማዳመጫም ለዚሁ ተሠርቷል። ነገር ግን «ሰይጣን ይዞታል» የሚለው ቃል ከአፍ ሲወጣ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ተናጋሪዎቹ ያስተዋሉት አይመስለኝም። በአገራችን እንዲህ ያለው ቃል የሰውን ኑሮ ሲያበላሽ ኖሯልና።

ስለ ቡዳ የሚነገረውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቡዳ የተባለ ሰው በሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል፤ ዓይኑ ያረፈበትን ሕፃን ይበላል፤ መቃብር ቆፍሮ ሬሳ ያወጣል ይባላል። ይህ ከማንኛውም አስፈሪ ፊልም የማያንስ ታሪክ ነው፤ እንደ ጭራቁ ተረት ሆኖ ቢቀር ኖሮ ባማረበት ነበር። ችግሩ ግን ጭራቅ አድራሻ የለውም፤ ለቡዳ ግን አድራሻ ሰጥተነዋል። አድራሻውም የቀጥቃጩ፣ የሸክላ ሠሪዋና የቆዳ ፋቂው ቤት ነው። በወላይታም ሆነ በሌሎች የአገራችን ክፍሎች እነዚህ ቤተሰቦች ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ፣ በድግስ ላይም ለብቻቸው እንዲቀመጡ የሚያደርግ ልማድ ለብዙ ዘመን ጸንቶ ቆይቷል፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ቡናችን የሚፈላበት ጀበና የማን እጅ ሥራ እንደ ሆነ እያወቅን የሠሪዋን ልጅ ዓይን እንፈራለን። ሕፃን ሲታመምም ጤና ጣቢያ በመውሰድ ፈንታ «ማን አየው?» እያሉ ጎረቤት መቁጠር አለ፤ በዚህ መካከል ወባው ወይም የሳንባ ምቹ ጊዜ ያገኛል። (ሸክላ የሚለው ቃል ለሙዚቃውም ለጀበናውም አንድ መሆኑ ያስገርመኛል፤ አንዱን ሸክላ ያሳተመውን አጨብጭበንለታል፤ ሌላውን የሠራችውን ግን በጎን ዓይን አይተናታል።)

አውሮፓውያንም በዚህ አልተሻሉም። ወደ ተኩላ የሚለወጥ ሰው አለ ብለው ያምኑ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1589 በጀርመን አገር በቤድቡርግ ከተማ ፔተር ሽቱምፕ የተባለ ገበሬ በዚህ ክስ ተፈርዶበት በሥቃይ ተገድሏል። ሆሊውድ የሰው ተኩላን ታዋቂ ፊልም ያወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። በሁለቱ መካከል ከሦስት መቶ ሃምሳ በላይ ዓመታት አሉ፤ በእነዚህ ዓመታት ተኩላው ከችሎት ወጥቶ ሲኒማ ቤት ገባ። ሰው ሁሉ ትኬት ቆርጦ ይፈራዋል፤ ሲያበቃ መብራቱ ይበራል፤ ማንም ወደ ጎረቤቱ ቤት ድንጋይ ይዞ አይሄድም። እኔ የምመኘው የእኛም ጅብ ከሰው ቤት ወጥቶ ወደ መድረክ እንዲገባ ነው። እንግዲህ የራስ ቅል በካናቴራው ላይ ያደረገውን ልጅ የምደግፍበት ምክንያት ይህ ነው፤ እርሱ ፍርሃቱን በተገቢው ቦታ አስቀምጦታል።

ይህን ስል ግን አድናቂው የፈለገውን ሁሉ ያድርግ ማለቴ አይደለም። የአስፈሪ ታሪክ ጸሐፊዎችና የፊልም ሠሪዎች ጭራቃቸውን ሲሥሉ ብዙ ጊዜ የበሽተኛን አካል ይዋሳሉ፤ ያበጠ እግር፣ የተጣመመ እጅ፣ የሚንቀጠቀጥ ራስ። በወላይታ ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግራቸው የሄዱ፣ በዚህም ምክንያት እግራቸው ያበጠ ብዙ ሰዎች አሉ። በሽታው እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ ይከላከሉታል። ቢሆንም በሽተኞቹ ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለሉ ኖረዋል። በቦዲቲ መድረክ ላይ አንድ ወጣት ሰው ለማሣቅ ብሎ እንዲህ ያለውን አረማመድ ቢያሳይ በፍርሃት መጫወቱ አብቅቶ በሰው መጫወት ጀምሯል ማለት ነው። ስለ እብደት የሚቀለደውም እንዲሁ ነው፤ ጓደኛን ለመስደብ የአማኑኤልን ሆስፒታል ስም የምትጠሩ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1978 ዘ ክራምፕስ በካሊፎርኒያ ናፓ በሚባል ቦታ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ተገኝቶ ተጫውቶ ነበር። ታካሚዎቹ ከዘፋኙ ጋር ጨፈሩ፤ ድምፅ ማጉያውን ይዘውም አብረው ጮኹ። በስሙ ውስጥ የአእምሮ ሕመምን የተሸከመ ሙዚቃ ከሕሙማኑ ጋር ሲጨፍር ማየት በሩቅ ሆኖ በእነርሱ ከመሣቅ በጣም ይርቃል።

ስለዚህ እናንተ አድናቂዎች፣ የለንደንን የራስ ቅል ብቻ ለምን ትሸከማላችሁ? የወላይታ ዘፈን ምት በፍጥነቱ ከየትኛውም ባዕድ ምት አያንስም፤ በጊፋታ ሰሞን እግሩን ሰብስቦ የሚቀመጥ ወጣት አይገኝም። በዚያ ምት ላይ በር ስለሚያንኳኳው ጭራቅ ዝፈኑ፤ በእንሰቱ መካከል በሌሊት ስለሚሰማው ኮቴ ዝፈኑ። ጅቡ ጅብ ብቻ ይሁን፤ የማንም ቤት ልጅ አይሁን። መሣሪያ የለንም አትበሉ። ታላቁ የእንጨት ቤዝ ውድ ነው፤ ነገር ግን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አገር ወጣቶች ገንዘብ ሲያጥራቸው ከባዶ የሻይ ሣጥን፣ ከመጥረጊያ እንጨትና ከገመድ ቤዝ ሠርተው ይጫወቱ ነበር። ሣጥኑ በአፉ ይደፋል፤ መሐሉ ተበስቶ ገመዱ ከውስጥ በኩል ይቋጠራል፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ በእንጨቱ ራስ ላይ ይታሰራል፤ የእንጨቱ እግር በሣጥኑ ጠርዝ ላይ ይቆማል። እንጨቱን ወደ ኋላ ሲያዘነብሉት ገመዱ ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲመልሱት ይወፍራል።