ከሰባ ሠላሳ ባሻገር፦ የሰቆጣ ልጅ ተሰጥኦ በማን ሚዛን ይለካል?

ስለ ወጣቶች ተሰጥኦ ሲነሣ ብዙዎቻችን የቅንጦት ወሬ ይመስለናል፤ በተለይ ወሬው ስለ ዋግ ኽምራ ደጋ ከሆነ። ሰቆጣ በፖሊሲ ሰነዶቻችን ስሟ የገነነው በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በታወጀውና የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በታለመው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው። «ጠግቦ ላላደረ ልጅ ዝንባሌ ምን ይረባዋል?» የሚለው ሙግትም ከዚሁ ይመነጫል። እኔ ግን ሙግቱን አልቀበለውም። ባለጠጋው መስኩን ቢስት ሁለተኛ ዕድል የሚገዛለት አባት አለው፤ የድኻው ልጅ የሚመርጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እንደሚታወሰው መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 ከመቶው የተፈጥሮ ሳይንስ፣ 30 ከመቶው የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች እንዲሆኑ ወስኖ ነበር። አገሪቱ መሐንዲስ እንደሚያስፈልጋት አልክድም። ዝንባሌ ግን በኮታ አይታዘዝም። ቤተ ሙከራ ገብቶ የማያውቅ ልጅ 11ኛ ክፍል ላይ ፊዚክስንና ኬሚስትሪን «መረጠ» ሲባል ቃሉ ትርጉም ያጣል። እኔ በማስተምርባቸው ክፍሎች እንኳ የመስካቸውን ምንነት ያወቁት ከተመደቡ በኋላ እንደሆነ የሚነግሩኝ ጥቂቶች አይደሉም።

ከዚያ ፈተናው አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ። ኩረጃን መግታቱ ተገቢ ነበር፣ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ከዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆኑትን «አላለፋችሁም» ያለው ሥርዓት ምን እንደሚችሉ አንድም ጊዜ አልጠየቃቸውም። የዋግ ልጅ ደግሞ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከትምህርት ገበታው ተነቅሎ ቆይቶ የተቀመጠው ከአዲስ አበባ እኩያው ጋር ለዚያው ወረቀት ነው።

እስቲ ይህን ልጅ ቀረብ ብለን እንመልከተው። ቤቱ ኽምጣና ይናገራል፤ ገበያ ሲወጣ አማርኛ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ በእንግሊዝኛ ይማራል። አንዱ ኩሻዊ፣ አንዱ ሴማዊ፣ ሦስተኛው ባሕር ማዶ። ይህ በሌላ አገር የቋንቋ ተሰጥኦ ተብሎ ይመዘገብ ነበር፤ እኛ ዘንድ «እንግሊዝኛው ደካማ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የንቡን መንጋ ጠባይ፣ የፍየሉን በሽታ፣ ድርቅ የሚቋቋመውን ዘር ለይቶ ያውቃል፤ ነገር ግን ባዮሎጂ እንደሚያውቅ የነገረው የለም። ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ከአለት ፈልፍለው ያወጡ እጆች በዚያው ምድር የኖሩ መሆናቸውስ ለሥነ ሕንፃ ፍላጎት መነሻ አይሆንም?

እዚህ ላይ አንድ ሥጋት አለኝ። «ተሰጥኦ» የሚለው ቃል የገጠሩን ልጅ ወደ ንብ ቀፎ፣ የከተማውን ወደ ኮምፒውተር መመደቢያ ሰበብ ሊሆን ይችላል። ንብ የሚያውቅ ልጅ ንብ አርቢም ተመራማሪም ሊሆን ይገባዋል፤ ወሳኙ እርሱ ነው። ለመወሰን ግን ሁለቱንም አይቶ መሆን አለበት።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያና የጥበብ ትምህርቶችን አካትቷል። በወረቀት ላይ መልካም ነው። መምህሩ፣ መሣሪያውና አውደ ጥናቱ ግን በበጀት የሚመጡ ናቸው። በሰቆጣ ከተማ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በየወሩ አንድ ቀን እዚያ ቢውሉ ወጪው የመኪና ነዳጅ ነው። የመስክ ምርጫ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ማለቴ ነው።