ኮፕ32 አዲስ አበባ ሲመጣ የቦረናን ውሃ ማን ያነሳል?

እንደ ፈረንጆቹ በ2027 የተመድ የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ32፣ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ስለ ሆቴሉና ስለ መንገዱ ብዙ መወራቱ አይቀርም። እኛ ግን እስኪ ስለ ውሃ እናውራ።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ክልል ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ከዳ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት አለቁ። ለአርብቶ አደር ከብት ማለት ምግብም፣ ጥሎሽም፣ የባንክ ደብተርም ነው።

«ድርቅ እኮ ድሮም ነበር» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ነበር። ነገር ግን ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለ የሳይንቲስቶች ቡድን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በዓለም ሙቀት መጨመር የተነሳ እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉ ቢያንስ በ100 እጥፍ ጨምሯል ብሏል። ችግሩ የዝናቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የዘነበችውንም ትንሽ ውሃ ሙቀቱ ከአፈሩ ላይ ያተናታል።

ከዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት የአፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ካሳ መጠየቅ ልመና አይደለም። የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ እንዲቋቋም በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ተወሰነ። በ2023 ዱባይ ላይ አሜሪካ ቃል የገባችው ግን 17.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር፤ በ2025 ደግሞ ከፈንዱ ቦርድ ጭራሽ ወጣች።

ይሄ የውጪው ሂሳብ ነው። የቤታችንስ?

ቦረናዎች ቱላ የሚሏቸው ጥልቅ ጉድጓዶች አሏቸው። ሰው ተደርድሮ እየዘፈነ ውሃውን ከታች ወደ ላይ ይቀባበላል። የማጠጫ ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አላቸው። ማለትም ሕዝቡ ውሃ ሲያንስ እንዴት እንደሚካፈል ያውቃል። የጎደለው ከላይ ነው፦ የዝናቡን መቅረት የኢጋድ የአየር ትንበያ ማዕከል ቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ዘግይቶ ደረሰ። የጥልቅ ጉድጓድ ሞተር ሲበላሽ ጠጋኝ ካልመጣ፣ ቦቴውም ከብቱ መሞት ከጀመረ በኋላ ከደረሰ፣ ጥፋቱን ሁሉ ለአየር ንብረት መስጠት አይቻልም።

ሁለቱ ሂሳቦች አይጣጡም። የራሳችንን ካላስተካከልን ሀብታሞቹ አገራት «ብንሰጥስ የት ይደርሳል?» ይሉናል። የእነሱን ካልጠየቅን ደግሞ የሌላውን ዕዳ የቦረና ሰው ይከፍላል።

ስለዚህ በ2027 ከጉባኤው በኋላ የምንጠይቀው አንድ ነገር ይሁን፦ ቃል ከተገባው ገንዘብ ስንቱ ጉድጓዱ አፍ ደረሰ?

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በአካባቢያችሁ የውሃው ነገር እንዴት ነው?