የስላቅ ሥዕል ጣቱን ወደ ማን ይቀስር?

የከተማ ድህነትን በስላቅ የሚያሳዩ የኅትመት ሥዕሎች ሲነሡ ቀድሞ የሚጠራው የእንግሊዛዊው ዊልያም ሆጋርት «ጂን ሌን» ነው። እ.ኤ.አ. በ1751 ለንደን ላይ በታተመው በዚህ ሥዕል አንዲት እናት በስካር ደንዝዛ፣ ልጇ ከእጇ አምልጦ ቁልቁል ሲወድቅ ልብ አትልም። በአንድ ጥግ አናጢው መጋዙን፣ ባለትዳሯ ድስቷን ለመያዣ አበዳሪው ያስረክባሉ። ሙያው ዛሬም ያስደነግጣል፤ የምቃወመው ተወቃሹን የመረጠበትን መንገድ ነው። ሆጋርት ሥዕሉን ለገበያ ሲያስተዋውቅ፣ ዓላማው የዝቅተኛውን መደብ መጥፎ ልማድ ማረም እንደሆነ በግልጽ ተናግሯል። ጂን የተባለው አረቄ እንደ ውሃ የረከሰው ግን ድሃው ስለወደደው አልነበረም። ፓርላማው ከ1690 ጀምሮ አረቄ ማውጣትን ያስፋፋው የባለ መሬቶች እህል ገዢ እንዲያገኝ ጭምር ነው። ያ ባለ መሬት በሥዕሉ ውስጥ የለም። «አበዳሪውስ? መንደሩ ሲፈርስ የእሱ ቤት ደህና ቆሞ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በእኔ ዓይን የሥዕሉ ሐቀኛ ጥግም ያ ነው። ነገር ግን አበዳሪው ከጥፋቱ የሚለቅም እንጂ ጥፋቱን ያመጣ አይደለም።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ፈረንሳዊው ኦኖሬ ዶሚዬ ፓሪስ ላይ ከዚህ አልፎ ሄደ። በ1831 ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የሕዝብ ሀብት የሚውጥ ሆዳም ግዙፍ አድርጎ በመሣሉ የስድስት ወር እስራት ተፈርዶበታል። በ1835 በሥዕል ላይ ቅድመ ምርመራ ሲታወጅ ፊቱን ወደ ዕለት ኑሮ አዞረ፤ በ«ሻሪቫሪ» ጋዜጣም ተከራይና አከራይን በተከታታይ ሣለ። ከእነዚህ በአንዱ ሌላ ቤት ሲፈርስ እያየ የሚደሰት አከራይ አለ፤ ቤት ባነሰ ቁጥር ኪራይ ይጨምራላ! ይህን «በሳንሱር ፍርሃት ማፈግፈግ» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ንጉሥ ይወርዳል፣ ሌላ ይተካል፤ ኪራዩ ግን በየወቅቱ በር ያንኳኳል። የአንዱ ችግር ለሌላው ትርፍ የሚሆንበትን መንገድ ያን ያህል በግልጽ የሚያሳይ የንጉሥ ሥዕል አላውቅም።

ጠንካራው ተቃውሞ ውጤትን የሚመለከት ነው፤ የሆጋርት ሥዕል በወጣበት ዓመት የጂን ሽያጭን የሚያጠብቅ ሕግ ወጣ፣ የዶሚዬ አከራይ ግን አንድም ሕግ አላስወጣም። ሕጉ በርግጥ ጠቅሟል፤ ሆጋርትም ከቀስቃሾቹ አንዱ ነበር። ሆኖም የተነካው የቸርቻሪው ፈቃድ ነው። ሰዎቹ በጂን ሊረሱት የሞከሩት የተፋፈገ ቤትና ለዕለት ጉርስ የማይበቃ ክፍያ በነበሩበት ቀጠሉ።