ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ከውሃው ይውጣ

ሻምፒዮንስ ሊግ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የእግር ኳሱን ነው። አውሮፓውያን ግን በመዋኛ ገንዳ ውስጥ የሚካሄድ ሌላ ሻምፒዮንስ ሊግም አላቸው፤ የወንዶች ክለቦች የውሃ ፖሎ ውድድር። የመጀመሪያውን ዋንጫ እ.ኤ.አ በ1964 የቤልግሬዱ ፓርቲዛን አነሳ። ከዚያ ወዲህ ከጣሊያኗ ጄኖዋ አጠገብ ካለች ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ የወጣው ፕሮ ሬኮ 11 ጊዜ በመውሰድ ሁሉንም ይመራል። የቡዳፔስቱ ፌሬንስቫሮሽም እ.ኤ.አ በ2019 እና በ2024 አሸንፏል። ውድድሩ በበልጋቸው መባቻ ተጀምሮ እስከ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ ይዘልቃል። ይህን ሁሉ በጤና ዓምድ ላይ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ጭንቅላት ምት እንድንነጋገር ስለምፈልግ ነው።

ጨዋታውን ላላዩ ጥቂት ልበል። በእያንዳንዱ ወገን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ሰባት ሰዎች ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ጨዋታው አራት ጊዜ ስምንት ደቂቃ ነው፤ ኳሱ በቆመ ቁጥር ሰዓቱም ስለሚቆም ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከግብ ጠባቂው በስተቀር ማንም የገንዳውን ወለል ረግጦ መጫወት አይፈቀድለትም። ተጫዋቹ እግሮቹን እንደ እንቁላል መምቻ እያሽከረከረ ራሱን ከውሃ በላይ ያቆያል፤ በዚያው ላይ ይታገላል፣ ይቀባበላል፣ ይወረውራል። ከጨዋታው በፊት ዳኞች የተጫዋቾችን ጥፍር ያያሉ፤ ሰውነትን ቅባት መቀባትም ክልክል ነው። ለምን ቢባል፣ ከውሃው በታች መያያዙና መቧጨሩ ዳኛ ከሚያየው በላይ ስለሆነ ነው። ኳሱ ከ400 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ በጎበዝ ተጫዋች እጅ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይወነጨፋል።

ተጫዋቾቹ የሚያደርጉት ቆብ ከጨርቅ የተሠራ ነው፤ በጆሮ ትይዩ ግን የፕላስቲክ መከላከያ አለው። ጆሮ ላይ ያረፈ ምት በጆሮ ቦይ ውስጥ ያለውን አየርና ውሃ ገፍቶ ታምቡርን ሊቀድ ስለሚችል፣ ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ጆሮን አስበው አንጎልን ረሱ ለማለት ግን ይቃጣኛል። ጨርቁ ለአንጎል የሚያደርግለት ነገር የለምና።

ይህ የእኔ ስጋት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኧርቫይን ተመራማሪዎች ከ1,500 በላይ የውሃ ፖሎ ተጫዋቾችን ጠይቀው ያገኙትን እ.ኤ.አ በ2016 አሳትመው ነበር። ከመካከላቸው 36 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ሐኪሞች ኮንከሽን የምንለው የአንጎል መናወጥ ደርሶብናል ብለዋል። በግብ ጠባቂዎች ዘንድ አኃዙ 47 በመቶ ነበር። መረጃው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ከተናገሩት የተሰበሰበ ስለሆነ በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ጥናቱም የአሜሪካ ተጫዋቾችን እንጂ የአውሮፓን ክለቦች አይመለከትም። ቢሆንም ጨዋታው ያው ጨዋታ ነው፤ ኳሱም ያው ነው።

የአንጎል መናወጥ አጥንት ሳይሰበር፣ ደም ሳይፈስ ሊደርስ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ሲቲ ስካንም ምንም አያሳይም። ብዙ ሰው ራሱን ካልሳተ አልተጎዳም ብሎ ያስባል፤ ይህ ስህተት ነው፤ አብዛኞቹ ተጎጂዎች ራሳቸውን አይስቱም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የእይታ ብዥታ፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት፣ የሆነውን አለማስታወስ፣ ጥያቄ ሲጠየቁ ዘግይቶ መመለስ የተለመዱት ምልክቶች ናቸው። ምልክቶቹ ወዲያው ላይታዩና ከሰዓታት በኋላ ሊመጡ ይችላሉ። በሣር ሜዳ ላይ ማዞር የያዘው ሰው ይቀመጣል። ሁለት ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ግን የሚቀመጥበት የለም፤ ለጥቂት ሰከንዶች ቢደነዝዝ ውሃ ይገባበታል።

እዚህ ላይ ነው የውድድሩ አሠራር የሚያሳስበኝ። የውድድር ዓመቱ የሚጠናቀቀው የመጨረሻዎቹ ስምንት ወይም አራት ቡድኖች በአንድ ከተማ ተሰባስበው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ ፍጻሜው በመጫወት ነው። ሕክምናው ደግሞ እንዲህ ይላል፤ በመጀመሪያዎቹ 24 እና 48 ሰዓታት እረፍት፣ ከዚያ ቀላል እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወደ ልምምድ መመለስ፤ በየደረጃው መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ይቆያል። ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች አስተያዩአቸው። በግማሽ ፍጻሜው ጭንቅላቱን ተመትቶ አንጎሉ የተናወጠ ተጫዋች በፍጻሜው መሰለፍ የለበትም። ለዘጠኝ ወር የደከመለትን ዋንጫ ከመቀመጫ ሆኖ ማየት ለወጣት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ይደብቃል። አሠልጣኙም ላለማየት ሊመርጥ ይችላል።

በእኔ እምነት ውሳኔው ለተጫዋቹም ለአሠልጣኙም መተው የለበትም፤ ደመወዙን ከክለቡ የማይቀበል ሐኪም ከገንዳው ዳር ተቀምጦ ይወስን። በውሃ ፖሎ ለዚህ የሚሆን ምቹ ሁኔታ አለ፤ ተጫዋች መቀየር ቁጥር አይገደብበትም፤ የወጣውም መመለስ ይችላል። እንደ እግር ኳስ አንድ ቅያሪ አጠፋን ብሎ የሚያዝን የለም። አስቸጋሪው ግብ ጠባቂው ነው፤ ብዙ የሚመታውም፣ ለመተካት የሚከብደውም እርሱ ነውና። ያም ሆኖ ተተኪው ግብ ጠባቂ የመጣው ለዚህ ቀን ነው።

ዋንጫ ይቀራል ለሚሉ፣ ከዚህ በፊትም ቀርቷል። የ2019/20 የውድድር ዓመት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰርዞ ያለ ሻምፒዮን አለፈ። በቀጣዩ ዓመት በቤልግሬድ ፕሮ ሬኮ ፌሬንስቫሮሽን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ስፖርቱም ቀጠለ። አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ለጤና ሲባል ከቆመ፣ አንድ ሰው አንድ ጨዋታ ቢያልፈው ምን ይሆናል?

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ጭንቅላት የሚመታው በሰፈር ኳስ፣ በባጃጅ አደጋ፣ ከደረጃ በመውደቅ ነው። በሰፈር ሜዳ ላይ ፊቱን ውሃ ረጭተው፣ "ወንድ አይደለህ? ተነስ" ብለው የሚመልሱት ልጅ ስንት ነው! አይመለስ። በዚያን ቀን ጨርሶ አይጫወት፤ ብቻውን አይሁን፤ አይንዳ፤ አልኮል አይጠጣ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ሐኪም ሳያየው አይውሰድ።

ተደጋጋሚ ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ የእጅ ወይም የእግር መድከም፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹሕ ፈሳሽ መውጣት፣ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ማለት ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችና አረጋውያን ግን እነዚህን ምልክቶች አይጠብቁ፤ ደህና ነኝ ቢሉም ይታዩ።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ "እንዳይተኛ ቀስቅሱት" ይላል። ሐኪም አይቶት አስጊ ምልክት ከሌለው እንቅልፍ ይጠቅመዋል፤ ይተኛ። ተማሪ ከሆነ አስቀድሞ ወደ ክፍል፣ በመጀመሪያ ለግማሽ ቀን፣ ይመለስ። ኳሱ የሚመጣው ራስ ምታቱ ጠፍቶ ትምህርቱን እንደ ወትሮው መከታተል ከቻለ በኋላ ነው።